ብርሃኑን ማን ይያዘው? አውቶና ማኑዋል ኤክስፖዠር በቪዲዮ ካሜራ

እ.ኤ.አ. በ2008 መገባደጃ ካኖን 5ዲ ማርክ 2ን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ለፎቶ የተሠራ በእጅ የሚያዝ ካሜራ ከተለመደው የሲኒማ ፊልም ፍሬም በሚሰፋ ሴንሰር ሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ መቅረጽ ቻለ። በትንሽ ገንዘብ የሲኒማ መልክ ያለው ምስል የሚመኙ ሁሉ ተሻሙበት። ካሜራው ግን አንድ ነገር ነፈጋቸው፤ ቪዲዮ ሲቀርጽ አፐርቸሩን፣ ሻተሩንና አይኤስኦውን የሚመርጠው ራሱ ነበር። ቀራጮቹ መላ ፈለጉ። አንዳንዱ በማገናኛ ቀለበት የድሮ የኒኮን ሌንስ ገጠመበት፤ የዚያ ሌንስ አፐርቸር በእጅ በሚዞር ቀለበት ስለሚሠራ ካሜራው ሊያዝበት አይችልም። ሌላው ሌንሱን በከፊል አላልቶ ከካሜራው ጋር የሚነጋገርበትን የኤሌክትሪክ ግንኙነት አቋረጠ። ሌላው ደግሞ ካሜራውን ወደ አምፖል አዙሮ፣ አይኤስኦው ሲወርድለት በቁልፍ እዚያው ላይ አስሮት ወደ ተዋናዩ ይመለስ ነበር። ካኖን በጁን 2009 በሶፍትዌር ማሻሻያ ማኑዋል ኤክስፖዠርን፣ ማለትም የብርሃኑን ልክ በእጅ መወሰንን፣ ፈቀደ። በቀጣዩ ዓመት «ሃውስ» የተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የስድስተኛ ምዕራፉን የመጨረሻ ክፍል በዚሁ ካሜራ ቀረጸ።

ሊረዳ የተሠራን ነገር ለመሸሽ ሰው ሌንሱን እስከ መፍታት የሚደርሰው ለምንድን ነው? አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ሻተር ለአውቶ ፈጽሞ አይሰጥ። ከቀሩት ውስጥ አንዱን ብቻ፣ ያውም ድንበር አበጅቶ መስጠት ግን ብዙ ጊዜ ያዋጣል። በማኑዋልና በአውቶ ጎራ ለይተው የሚከራከሩት ቀራጮች ሳይግባቡ የሚቀሩት ሦስቱን ቁልፎች እንደ አንድ ቁልፍ ስለሚቆጥሯቸው ይመስለኛል።

አፐርቸር የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ሻተር እያንዳንዱ ፍሬም ለብርሃን የሚጋለጥበት ጊዜ፤ አይኤስኦ ወይም ጌይን ደግሞ ሴንሰሩ የሰበሰበው ምልክት የሚጎላበት መጠን። የጋራ መለኪያቸው ስቶፕ ነው፤ አንድ ስቶፕ መጨመር ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል፣ መቀነስ በግማሽ ያጎድላል። ከኤፍ 2.8 ወደ ኤፍ 4 መዝጋት፣ ከ1/50 ወደ 1/100 ማሳጠር፣ ከአይኤስኦ 800 ወደ 400 መውረድ፣ ጌይኑን በ6 ዴሲቤል መቀነስ፣ ሁሉም ያው አንድ ስቶፕ ነው። በሒሳብ ይተካካሉ። በምስሉ ላይ ግን ለየቅል ናቸው፤ አፐርቸሩ ከሰውየው ጀርባ ያለውን ያጠራል ወይም ያደበዝዛል፣ ሻተሩ የእንቅስቃሴን መልክ ይለውጣል፣ ጌይኑ ኖይዝ (የምስል ብናኝ) ይዞ ይመጣል። አውቶ የሚያውቀው ሒሳቡን ብቻ ነው።

ፎቶ አንሺ ይህን ያህል የማይጨነቅበት ምክንያት አለ። አውቶ ቢሳሳትበት የሚያጣው አንድ ፎቶ ነው፤ ቀጣዩ በአዲስ ልኬት ይጀምራል። በቪዲዮ ላይ ግን ለውጡ ራሱ ይቀረጻል። ለምሳሌ ካሜራው ከመስኮት ወደ አንዲት አያት ፊት ሲዞር ምስሉ መጀመሪያ ይጨልማል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይበራል፤ ተመልካቹም ከአያትየዋ ይልቅ የካሜራውን ማመንታት ያያል። ኤዲት ላይ ሲደረስ ችግሩ ይብሳል። አንድ ስቶፕ ጨልሞ የተቀረጸ፣ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያልተንቀሳቀሰ ምስል በአንድ እርማት ይስተካከላል። ሲበራና ሲጠፋ የቆየን ምስል ማረም ግን ኤዲተሩን በየሰከንዱ ነጥብ እያስቀመጠ ለውጡን ወደ ኋላ እንዲከተል ያስገድደዋል፤ ያም ሆኖ ንጹሕ አይወጣም። ለማኑዋል ከሚቀርቡት መከራከሪያዎች ሁሉ የማከብረው ይህንን ነው።

ሻተርን ለብቻው የማነሳው ጉዳቱ ድርብ ስለሆነ ነው። በ25 ፍሬም ሲቀረጽ 1/50 ሻተር የሚንቀሳቀስን እጅ ዓይናችን እንደለመደው በስሱ ያደበዝዘዋል። ልማዱ የመጣው ከፊልም ካሜራ ተሽከርካሪ ሻተር ነው፤ የክቡ ግማሽ ክፍት፣ ግማሽ ዝግ፣ 180 ዲግሪ። አውቶ ግን ፀሐይ ሲበረታበት ሻተሩን ወደ 1/1000 ከዚያም በላይ ያሳጥራል። ያኔ እስክስታ የሚወርድ ትከሻ በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ ቆሞ የቀረ ያህል ጥርት ይላል፤ ፍሬሞቹ ሲያያዙም ውዝዋዜው ይቆራረጣል። የሠርግ ቪዲዮ ግቢ ውስጥ ሲጨፈር ጥሩ ያልሆነበትን፣ አዳራሽ ሲገባ ደግሞ ደህና የሆነበትን ምክንያት የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ ይህንን ይመርምር።

ሁለተኛው ጉዳት የመብራት ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ ነው፤ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራሉ፣ ይደክማሉ። ሻተሩ 1/50 ወይም 1/100 ከሆነ እያንዳንዱ ፍሬም ሙሉ ዑደት ስለሚሰበስብ ምስሉ ይረጋል። 1/60 ከሆነ ይርገበገባል ወይም ጥቁር መስመር ከላይ ወደ ታች ይሄድበታል። አሜሪካ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ 60 ኸርዝ ስለሆነ የሚያስማማው 1/60 እና 1/120 ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዳላስ ለቤተሰብ ሠርግ የመጣ ዘመድ ይዞት የሚመጣው ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ለ30 ፍሬምና ለ1/60 የተዘጋጀ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ አዳራሹ ሁሉ የሚርገበገብበት ለዚህ ነው። ሜኑው ውስጥ ገብቶ ከኤንቲኤስሲ ወደ ፓል መለወጥ፣ ያ ካልተቻለ ሻተሩን 1/50 ላይ ማሰር ይበቃዋል። 24 ፍሬም ለሚወዱ ወጣቶቻችንም መፍትሔው ያው 1/50 ነው፤ በሲኒማ ካሜራ ቋንቋ 172.8 ዲግሪ ይባላል፣ 50 ኸርዝ ባለበት አገር ሁሉ የታወቀ ቁጥር ነው። ለእኛ የእንቅስቃሴው ልክና የመብራቱ ልክ አንድ ቁጥር ላይ መገናኘታቸው ትልቅ ዕድል ነው፤ 1/50 ላይ አስሮ መርሳት። ለመድረክ ኤልኢዲ ስክሪን ብቻ ይህ አይበቃም፤ ስክሪኑ በራሱ ፍጥነት ስለሚርገበገብ ሻተሩን በጥቂት በጥቂቱ እያስተካከሉ መስመሩ የሚጠፋበትን ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። ይህንንም አውቶ አይሠራውም።

ስለ አውቶ ታሪክ ብዙ አልልም። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1938 ብርሃን ለክቶ ራሱን የሚያስተካክል የፎቶ ካሜራ ሠርቷል፤ በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የቤል ኤንድ ሃዌል የቤተሰብ ፊልም ካሜራዎች «የኤሌክትሪክ ዓይን» ይዘው መጡ፤ በ1965 ሱፐር 8 ሲወጣ የፊልሙ ካርትሪጅ ላይ ያለ ቁርጥ የፊልሙን የብርሃን ስሜታዊነት ለካሜራው ይነግረው ስለነበር አባወራው መጫን ብቻ ቀረው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የመጡት የሶኒ ሃንዲካሞችም ይህንኑ ወረሱ። አብዛኞቹ የተሠሩት ልጁ ሲሮጥ እንዳያመልጠው ለሚፈልግ ወላጅ ነው፤ ለዚያ ዓላማ ደግሞ ድንቅ ነበሩ።

ለእኛ የከበደው ጉዳይ ግን መለኪያው ራሱ የቆመበት ግምት ነው። የካሜራ መለኪያ የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የሚደርሰው ተንጸባርቆ የመጣ የብርሃን መጠን ነው። ስለዚህ በፍሬሙ ውስጥ ያለው ሁሉ ሲማከል ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ገደማ የሚመልስ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል። ንጹሕ ነጭ ጥጥ ከ80 እስከ 90 በመቶ ይመልሳል። የቀለም ባለሙያዎች በዓለም ዙሪያ በሚጠቀሙበት ከለርቼከር ሰሌዳ ላይ «ጥቁር ቆዳ» የተባለው ካሬ 10 በመቶ ገደማ፣ «ቀላ ያለ ቆዳ» የተባለው 35 በመቶ ገደማ ይመልሳል። እንግዲህ ጃንሜዳ ላይ በጥምቀት ቀን ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ፍሬሙን ሞልቶት አስቡ። አውቶ ያን ሁሉ ነጭ ወደ ግራጫ ሊያወርደው ምስሉን ከ2 ስቶፕ በላይ ያጨልማል። በነጠላውና በጥቁር ፊት መካከል 3 ስቶፕ ያህል ርቀት ስላለ ፊቶቹ ጥላ ውስጥ ይሰምጣሉ። በተቃራኒው ሙሽራው በጥቁር ሱፍ፣ ሚዜዎቹም በጥቁር ሱፍ ፍሬሙን ሲሞሉት አውቶ ጥቁሩን ወደ ግራጫ ሊያነሳ ይሞክራል፤ ሙሽሪት በዚያው ቅጽበት ብትገባ ቬሎዋ ተቃጥሎ ነጭ ወረቀት ይሆናል። የተቃጠለው ዳንቴል ደግሞ በምንም ኤዲት አይመለስም።

ፊት የሚያውቁ አዳዲስ ካሜራዎች ይህን ፈትተውታል የሚሉ አሉ። በከፊል ልክ ናቸው። ሶኒም ሌሎችም ፊት ሲያገኙ ልኬቱን ለፊቱ ያደላሉ። ግን የትኛው ብሩህነት ለፊት ተገቢ እንደሆነ የወሰነው የካሜራው ሠሪ ነው። ጥቁር ፊትን ወደ መካከለኛው ግራጫ ወይም ከዚያ በላይ ካነሳው ቆዳው የራሱ ያልሆነ ፍካት ያገኛል፣ የቀሚሱ ጥለትም አብሮ ይነጣል። ነገሩ የቆየ ሥር አለው። በፊልም ዘመን የኮዳክ ቤተ ሙከራዎች ቀለም የሚያስተካክሉበት «ሸርሊ» የሚባል ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ነበረች፤ የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሰዎች የታዩበት የኮዳክ ካርድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ፒክሰል 6 ስልኩን ሲያወጣ «ሪል ቶን» በሚል ስም አውቶ ኤክስፖዠሩንና የቀለም ሚዛኑን ለጥቁር ቆዳ ማስተካከሉን አስታወቀ። ለአስርት ዓመታት «አውቶ ልክ ነው» ሲባል የነበረው ለማን ልክ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም።

በማኑዋል በኩልም ያልተመረመረ ልማድ አለ። ዜብራ የተመረጠ የብሩህነት መጠን የደረሰውን የምስሉን ክፍል በስክሪኑ ላይ በሰያፍ መስመሮች የሚያሳይ ምልክት ነው፤ «ፊት ላይ ዜብራውን 70 አድርግ» የሚለው ምክር ከአስተማሪ ወደ ተማሪ ሲተላለፍ እዚህም ደርሷል። ይህ ቁጥር የተለካው ለቀላ ቆዳ ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ላይ 70ን ማሳደድ ማለት በእጅ የአውቶን ስህተት መድገም ማለት ነው። ለእኛ ፊቶች ብርሃን ያረፈበት ጉንጭ ከ45 እስከ 60 ባለው ውስጥ ቢውል ይሻላል እላለሁ፤ ሁለተኛውን ዜብራ 95 ወይም 100 ላይ አድርጎ ነጠላውንና ቬሎውን መጠበቅ። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ብቻ ዓይንን አምኖ መሥራት ግን ማኑዋል አልለውም። ከቀኑ 6 ሰዓት ፀሐይ ላይ ስክሪኑ ጨለማ ይመስላል፣ ቀራጩም ይጨምራል፤ ማታ ስክሪኑ ያበራል፣ ቀራጩም ይቀንሳል። ዜብራ፣ ሂስቶግራም ወይም ዌቭፎርም የማያይ ሰው በዓይኑ ድካም የሚመራ ሌላ አውቶ ሆኗል።

ጨለማ የሚፈለግበት ጊዜም አለ። ጄሲካ በሺር እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣችውን፣ ሐረርንና አካባቢውን በጥቁርና ነጭ ያሳየችበትን «ፋያ ዳዪ» ያየ ሰው ፊት ከጥቁር ውስጥ ጥቂት ብቻ ብቅ ሲል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያውቃል። አውቶ ያን ጥቁር እንደ ጉድለት ቆጥሮ ያነሳዋል። በጧፍ ብርሃን የሚጸልይ ሰው ዙሪያው ጨለማ ነው፤ ያ ጨለማ የቦታው እውነት ነው። ጌይኑን 18 ዴሲቤል ከፍቶ ግድግዳውን ሁሉ ግራጫ ያደረገ ምስል ከቦታው የራቀ ምስል ነው።

አሁን ለአውቶ ልሟገት፤ በሚገባው ቦታ ማለቴ ነው። በመስከረም 16 ማታ መስቀል አደባባይ ላይ ደመራ የሚቀርጽ ሰው ከባዱን ፈተና ይጋፈጣል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ምሽቷ አጭር ነው። ሰማዩ የጠራ ከሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ መሬት ላይ 400 ሉክስ ገደማ የነበረው ብርሃን ከ20 ደቂቃ ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ወደ 3 ሉክስ ገደማ ይወርዳል። ይህ ወደ 7 ስቶፕ ነው፤ በየሦስት ደቂቃው አንድ ስቶፕ። ኤክስፖዠሩን አስሮ የተወ ሰው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጥቁር ስክሪን ይቀርጻል። ሙሉ አውቶ ያደረገ ሰው ደግሞ ምሽቱን ቀን እያደረገ ይቆይና ደመራው ሲለኮስ ካሜራው በድንጋጤ ይዘጋል፤ እሳቱ ይቀራል፣ ችቦ የያዘው ሕዝብ ይጠፋል። እኔ የምመክረው ሻተሩን 1/50፣ አፐርቸሩን ክፍት አድርጎ አይኤስኦውን ብቻ ለአውቶ መስጠት ነው፤ ጣሪያውን 6400 ላይ ገድቦ፣ የኤክስፖዠር ማካካሻውን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ ቀንሶ። ምሽቱ ምሽት ሆኖ ይቆያል፣ ካሜራውም ይከተለዋል። እሳቱ ሊነሳ ሲል ግን አይኤስኦውን ማሰር።

ለዚህ አካሄድ የሚቀርብ አንድ ቴክኒካዊ ድጋፍም አለ፣ ማኑዋል አጥባቂዎች ብዙም አያነሱትም። የአሁኖቹ የፎቶ ሌንሶች አፐርቸር በኤሌክትሪክ ስለሚታዘዝ በየሲሶ ስቶፑ ይዘላል፤ እየተቀረጸ መንኮራኩሩን የሚያዞር ሰው ምስሉ ላይ የሚታይ መንገጫገጭ ያስገባል። የአይኤስኦ መንኮራኩሩም ያው ነው። አውቶ አይኤስኦ ግን በብዙ ካሜራዎች ላይ በረቂቅ እርከን ስለሚሄድ ከእጅ ይለሰልሳል። የሚንቀሳቀስ ብርሃን ውስጥ፣ ለምሳሌ ላሊበላ ላይ ከቤተ መድኃኔዓለም ውስጥ ተነስቶ ካህናቱን እየተከተለ ወደ ፀሐይ ለሚወጣ ቀራጭ፣ ልስላሴው ትልቅ ነገር ነው።

የዜና ካሜራ ሠሪዎች ጉዳዩን ቀደም ብለው ያሰቡበት ይመስለኛል። በትከሻ የሚያዙት የዜና ካሜራዎች ሌንስ ላይ አይሪሱን፣ ማለትም አፐርቸሩን፣ ወደ አውቶ ወይም ወደ ማኑዋል የሚያደርግ ማብሪያ አለ፤ አጠገቡ ደግሞ ሲጫኑት ብቻ የሚሠራ ትንሽ ቁልፍ። ካሜራማኑ ማኑዋል ላይ ሆኖ ቁልፉን ይጫናል፣ ሌንሱ ይለካል፣ ጣቱን ሲያነሳ ልኬቱ እዚያው ይቆማል። ከዚያ በኋላ እንደ ፍላጎቱ ጥቂት ይከፍታል ወይም ይዘጋል። መሣሪያው ለካ፣ ሰው ወሰነ፣ ነገሩም እዚያ አበቃ። ይህ ቁልፍ በየቤቱ በሚገዙ ካሜራዎች ላይ በግልጽ አለመኖሩ ያሳዝነኛል፤ ብዙዎቹ ላይ ልኬት ማሰሪያውን ለአንድ ቁልፍ መስጠት ስለሚቻል ግን ሜኑውን መፈተሽ ይገባል። በእግር ኳስ ስርጭት ደግሞ የእያንዳንዱን ካሜራ አይሪስ ከርቀት የሚይዝ ባለሙያ አለ። ኳሷ ከጥላው ወደ ፀሐዩ ስትሻገር ካሜራማኑ ኳሷን ይከተላል፣ ያኛው ብርሃኑን። ገንዘብ ያለው ስርጭት ይህን ሥራ ለማሽን ብቻ ያልተወበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ሰውየው ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ አስቀድሞ ያያል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ክርክሩን በእውነት የለወጠው ግን ኤንዲ ነው። ኤንዲ ፊልተር ቀለም ሳይለውጥ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት ነው። አስፈላጊነቱ በቀላል ሒሳብ ይታያል። በጠራ ፀሐይ አይኤስኦ 100 ላይ ትክክለኛው ልኬት ኤፍ 16 እና 1/100 ያህል ነው። ሎግ፣ ማለትም ለኤዲት እርማት ታስቦ ሰፊ የብርሃን ክልል የሚይዝ ምስል፣ የሚቀርጹ ብዙ ካሜራዎች የሚነሱበት አይኤስኦ 800 ላይ ሻተሩን 1/50 ብናስር አፐርቸሩ ኤፍ 64 መሆን አለበት፤ በእነዚህ ሌንሶች ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለም። 6 ስቶፕ ኤንዲ ሲገባ ወደ ኤፍ 8 እንመለሳለን። በዚህ አይኤስኦ ኤንዲ የሌለው ሰው ሻተሩን ከማሳጠር ሌላ ምርጫ የለውም። ስለዚህ ውጭ ቀን ላይ «ማኑዋል እቀርጻለሁ» የሚል ሁሉ ኤንዲ ከሌለው ማኑዋሉ በስም ነው። ሶኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚጠቁርና የሚገረጣ ኤንዲ በካሜራዎቹ ውስጥ አስገብቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ኤፍኤክስ6 ላይ ከ2 እስከ 7 ስቶፕ ያለማቋረጥ ይሄዳል፣ ለአውቶም ሊሰጥ ይችላል። ሻተሩ ታስሯል፣ አፐርቸሩ ታስሯል፣ አይኤስኦው ታስሯል፤ የሚንቀሳቀሰው የምስሉን ባህሪ የማይነካው መስታወት ብቻ ነው። ዘጋቢ ፊልም ለሚሠራ፣ ከቤት ወደ ደጅ እየተከተለ ለሚቀርጽ ሰው እስካሁን ካየኋቸው መፍትሔዎች ሁሉ የላቀው ይህ ነው። የሚከለክለው ዋጋው ብቻ ነው።

አብዛኛው ቪዲዮአችን አሁን የሚቀረጸው በስልክ ስለሆነ ዳሰሳው እዚያም መድረስ አለበት። ስልክ ላይ አፐርቸሩ አብዛኛውን ጊዜ አይንቀሳቀስም። ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ በጠራ ፀሐይ፣ አይኤስኦው 50 ቢሆን እንኳ፣ ብርሃኑ እንዳይበዛበት ሻተሩን ወደ 1/4000 ገደማ ማሳጠር ይገደዳል። ስክሪኑን ጫን አድርጎ ይዞ ልኬቱን ማሰር ብልጭ ድርግሙን ያስቆማል፤ ሻን ቤከር እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን «ታንጀሪን» በአይፎን 5ኤስ ሲሠራ ፊልሚክ ፕሮ በተባለ አፕ የተጠቀመው ቁልፎቹን በእጁ ለማድረግ ነበር። ከ2023 ጀምሮ ብላክማጂክ ካሜራ የተባለው ነጻ አፕ ሻተሩን 1/50 ላይ ማሰር ለማንም ፈቅዷል። ግን ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው፣ ልኬቱ ቢታሰርም ስልኩ ምስሉን በውስጡ ሲያዘጋጅ ጥላውን ለብቻው እያነሳ፣ ሰማዩን ለብቻው እያወረደ ይቀጥላል፤ ሎግ የሚቀርጹ ስልኮች፣ እንደ አይፎን 15 ፕሮ ያሉት፣ ሎግ ሲመረጥ ይህን በብዙ ይተዉታል። ሁለተኛው ኤንዲ ነው። አብዛኞቹ ስልክ ሠሪዎች ሦስትና አራት ሌንስ ሲደረድሩ ከአንዱ ፊት እንኳ ብርሃን መቀነሻ አላስገቡም፤ ስለዚህ በስልክ ሠርግ ወይም ዜና የሚቀርጽ ወጣት ከትራይፖድና ከመብራት በፊት በሌንሱ ላይ የሚቆነጠጥ 6 ስቶፕ ኤንዲ ይግዛ።